እንጉዳይ በቤት ውስጥ፦ ከስፖር እስከ መጥበሻ

አሁን ያላችሁበት ክፍል አየር ውስጥ የፈንገስ ስፖሮች፣ ማለትም ፈንገስ የሚራባባቸው ዘር መሰል ብናኞች፣ እየተንሳፈፉ ነው። አይታዩም። ዳቦ ሲሻግት፣ የተረሳ ሎሚ አረንጓዴ ሲለብስ፣ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሲጠቁር ነው መኖራቸውን የምናውቀው። እንጉዳይ ማብቀል ማለት ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱን መርጦ፣ ሌሎቹ ሳይደርሱ ቀድሞ ቦታውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ገለባ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፉ፣ እጅን በአልኮል ማሸቱ፣ ዘሩን በዛ አድርጎ መጨመሩ፣ ሁሉም ለዚሁ እሽቅድምድም ነው። መሐል ላይ አንድ ነገር ካጠራጠራችሁ «የትኛው ነው ለእኔ እንጉዳይ ቀድሞ መድረሻ ጊዜ የሚሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

ስለዚህ ከስፖር እንጀምር። የቸኮለ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል፤ ግን ከረጢቱ አረንጓዴ ሲሆንበት መመለሱ አይቀርም።

ስፖር እንዴት ነው የሚሠራው?

የምንበላው እንጉዳይ የአንድ አካል ፍሬ ብቻ ነው። ዋናው አካል ገለባው ወይም እንጨቱ ውስጥ የተሰራጨው ነጭ የክር መረብ ነው፤ ማይሲሊየም ይባላል። እንጉዳይ ተክል አይደለም። ክሎሮፊል ስለሌለው ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን አይሠራም። ክሮቹ ኢንዛይም አመንጭተው ገለባውን እዚያው ባለበት ያሟሙታል፤ ከዚያ የሟሟውን መጥጠው ይወስዳሉ። በሌላ አነጋገር፣ መጀመሪያ ይፈጫሉ፣ ቀጥሎ ይበላሉ።

የደረሰ እንጉዳይ ገልብጣችሁ ከቆቡ ሥር ብታዩ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተደረደሩ ስስ ንጣፎች ታገኛላችሁ። ስፖር የሚሠራው እዚህ ሽንሽን ላይ ነው። በእያንዳንዱ ንጣፍ ፊት ላይ ባሲዲየም የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ባሲዲየም ጫፉ ላይ አራት ስፖሮች ይይዛል። በየገበያው የሚገኘው ነጩ የበተን እንጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ ስፖር ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። መቶው ተሰልፎ አንድ ሚሊሜትር ቢሞላ ነው እንግዲህ።

ስፖሩ ከባሲዲየሙ ላይ ዝም ብሎ አይረግፍም፤ ይወነጨፋል። ከግርጌው አንዲት የውኃ ጠብታ ትቋጠራለች። በስፖሩ ጎን ላይ ደግሞ ስስ የውኃ ሽፋን አለ። ጠብታዋ እያበጠች ሄዳ ሽፋኑን የነካችው እንደሆነ ሁለቱ በቅጽበት ይቀላቀላሉ፤ ውኃው ባንድ ጊዜ ወደ ጎን ሲሸሽ ስፖሩን ይዞት ይስፈነጠራል። የሚሄደው ርቀት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ይህ ከአንዱ ንጣፍ ተላቆ፣ ማዶ ካለው ጋር ሳይጋጭ፣ በመሐሉ ክፍተት ቁልቁል ለመውደቅ ልክ የሚበቃ ነው። የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል። ጠብታዋ «የቡለር ጠብታ» ትባላለች፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ያጠናው ሬጂናልድ ቡለር ነበርና። በጣም ደረቅ አየር ውስጥ ጠብታዋ አትቋጠርም። እንጉዳይ እርጥበት የሚወደው ለማደግ ብቻ ሳይሆን ለመዝራትም ጭምር ነው።

አንድ የደረሰ እንጉዳይ ስፖሮችን በቢሊዮን ሊለቅ ይችላል። ይህን ያህል የሚለቀው ወዶ አይደለም፤ አብዛኞቹ የትም ወድቀው ነው የሚቀሩት። እርጥበትና ምግብ ያለበት ቦታ ላይ ያረፈ ስፖር ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ ግን ገና የዘር ውርሱ ግማሽ ነው። ብቻውን እንጉዳይ አያፈራም። ከሌላ ስፖር የወጣና የሚስማማው ክር አግኝቶ መዋሃድ አለበት። እዚህ ላይ ወንድና ሴት የሚባል ነገር የለም፤ የመጣመር ዓይነቶች ናቸው ያሉት። እንጨት ላይ የሚበቅለው ሺዞፊለም ኮምዩን የተባለው ዝርያ ከ20,000 በላይ የመጣመር ዓይነት አለው። አጋር ማጣት ለሱ የሚያሰጋው ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር እዚሁ ላንሳ። አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ስፖር አላቸው። የነሱ ስፖር መባዣ ሳይሆን መከራ ማሳለፊያ ነው፤ አንዳንዱ 100 ዲግሪ የፈላ ውኃ አይበግረውም። የእህል ፍሬ ላይ ደግሞ እነዚህ አይጠፉም። ለዚህ ነው እህል ለእንጉዳይ ዘር ሲዘጋጅ ተራ ድስት የማይበቃው።

ከስፖር ወይስ ከተዘጋጀ ዘር?

የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ስለ ስፖር እወቁ፣ ሥራውን ግን በስፖር አትጀምሩ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ስፖር አዲስ ውርስ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ፈጣንና ምርታማ፣ ሌላው ልፍስፍስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ስፖር መብቀል፣ መጣመር፣ መሰራጨት ይቀረዋል። ሻጋታ ደግሞ እስኪጠብቁት አይቆይም። የተዘጋጀ የእንጉዳይ ዘር ማለት ግን በንጹሕ እህል ላይ አድጎ እህሉን የወረሰ ማይሲሊየም ነው። እያንዳንዷ ፍሬ አንድ መነሻ ነች። ይህን በእህል ላይ የማሳደግ ዘዴ ጄምስ ሲንደን በ1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። የእንጉዳይ አምራቾች ዛሬም በዋናነት የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ጥሩ ዘር ነጭ ነው፤ ሽታው የትኩስ እንጉዳይ ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ያለበትን፣ የሚያዳልጠውን ወይም የሚኮመጥጥ ሽታ ያለውን አትቀበሉ። ቶሎ የማትጠቀሙበት ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይቆይላችኋል። በረዶ ቤት ውስጥ ግን አታስገቡት።

ዝርያውስ? ለመጀመሪያ ጊዜ ኦይስተር እንጉዳይ ነው፤ ክርክር የለውም። ገለባም፣ ሰጋቱራም፣ የበቆሎ ቆረቆንዳም ይበላል። ፈጣን ነው፤ ትንሽ ስሕተትም ይችላል። ሺታኬ ጥሩ ነው፤ ግን ሰጋቱራው በደንብ መጸዳት አለበት፣ ወራትም ይጠይቃል። በተን እንጉዳይ በሥርዓት የበሰለ ኮምፖስትና ከላይ የሚለብስ አፈር ይፈልጋል፤ ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት። ከኦይስተሮቹም ቤታችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ ግራጫውን ያዙ፤ ከ12 እስከ 20 ዲግሪ ይመቸዋል። ሞቃት ከሆነ ሮዙ ይሻላል፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ላይ ያፈራል።

ስፖሩን በዓይን ማየት ለሚፈልግ

ይህ ለማብቀል አያስፈልግም፤ ግን ያስደስታል፣ ልጆችም ይወዱታል።

ቆቡ የተከፈተ እንጉዳይ ውሰዱና እግሩን ከሥሩ ቁረጡ። ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። በላዩ ላይ ብርጭቆ ድፉበትና አሳድሩት። ጠዋት ቆቡን ቀስ ብላችሁ ስታነሱ የእያንዳንዱ ንጣፍ መስመር በዱቄት ተሥሎ ታገኙታላችሁ። የኦይስተር ዱቄት ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፤ የበተን እንጉዳይ ጥቁር ቡናማ፤ የሺታኬ ነጭ። ሁለት ቀለም ወረቀት ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም። ወረቀቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ታጥፎ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ስፖሩ ለረዥም ጊዜ ሕያው ሆኖ ይቆያል።

ዕቃና መጠን

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዘሩ ከተከፈተ በኋላ ፌስታል ፍለጋ መሯሯጥ አይገባም። አስቀድማችሁ እነዚህን አንድ ቦታ ሰብስቡ፦

1 ኪሎ ደረቅና ንጹሕ ገለባ፣ 300 ግራም የኦይስተር ዘር፣ ትልቅ ድስት ወይም በርሜል፣ ቴርሞሜትር፣ 30 በ50 ሴንቲሜትር የሚያህሉ ወፈር ያሉ ላስቲክ ከረጢቶች፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ጓንት፣ ሲባጎ፣ የውኃ መርጫ።

የዘሩ መጠን ከየት መጣ? 1 ኪሎ ደረቅ ገለባ ውኃ ሲጠጣ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዘር የሚጨመረው ከእርጡ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ጀማሪ 10ሩን ይያዝ። ዘር ላይ መቆጠብ ለሻጋታ ጊዜ መስጠት ነው።

ገለባው አምና ዝናብ የመታው፣ የጠቆረ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ከሆነ ተዉት። አንፀባራቂ ቢጫ ይሁን። ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ክተፉት። ረዥም ገለባ ከረጢት ውስጥ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ክሩም ያንን ክፍተት መሻገር ያቅተዋል።

ገለባውን ማዘጋጀት

የተከተፈውን ገለባ በጆንያ ከታችሁ ውኃ ውስጥ ድፈቁት፤ እንዳይንሳፈፍ ከላይ ክብደት ጫኑበት። ውኃውን ከ65 እስከ 80 ዲግሪ አድርሱትና እዚያው ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩት።

«ለምን አናፈላውም? ይበልጥ አይጸዳም?» የሚል ይኖራል። ሁሉንም መግደል አልፈለግንም። በዚህ ሙቀት አብዛኛው ሻጋታ ይሞታል፤ ሙቀት የሚችሉ ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ግን ይተርፋሉ። እነሱ ገለባው ላይ ቦታ ይዘው ለአዲስ ሻጋታ መንገድ ይዘጋሉ። ሁሉንም ነገር ገድላችሁ ባዶ ያደረጋችሁት ገለባ ለመጀመሪያው መጤ ክፍት ሜዳ ነው፤ ያ መጤ ደግሞ የእናንተ እንጉዳይ ላይሆን ይችላል።

እሳት የማይመቸው ሰው በኖራ መሥራት ይችላል። የሚያስፈልገው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለእርሻ አፈር የሚበተነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አይሆንም። በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 2 ግራም ያህል በጥብጡና ገለባውን ከ12 እስከ 18 ሰዓት ዘፍዝፉት። የውኃው ፒኤች ከ12 በላይ ስለሚሄድ ሻጋታው አይቋቋመውም፤ ኦይስተር ግን የተረፈውን ይችለዋል። ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ልጆችን አርቁ።

ከዚያ ገለባውን አውጥታችሁ አንጠልጥሉት ወይም በንጹሕ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ ውኃው ይንጠፍጠፍ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ብዙ ከረጢት የሚበላሸው እዚህ ነው። መጠኑን በእጃችሁ ለኩ። አንድ እፍኝ ያዙና አጥብቃችሁ ጨምቁ። በጣታችሁ መሐል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለ ልክ ነው። ውኃው ከወረደ ገና ይንጠፍጠፍ፤ የረጠበ ገለባ አየር ስለሌለው ይኮመጥጣል። ምንም ካልወጣና መዳፋችሁ ካልረጠበ ደርቋል፤ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ርጩበት። ሙቀቱም ከ25 ዲግሪ በታች ይውረድ። ትኩስ ገለባ ላይ የተዘራ ዘር ይሞታል።

መዝራት

መስኮት ዝጉ፣ ማራገቢያ አጥፉ። የአየር እንቅስቃሴ ማለት የስፖር እንቅስቃሴ ነው። ጠረጴዛውን በአልኮል ወልውሉ፤ እጃችሁን እስከ ክርን ታጠቡና ጓንት አድርጋችሁ ጓንቱንም በአልኮል አሹት። አልኮል ባለበት እሳት አይቅረብ።

የዘሩን ከረጢት ሳትከፍቱ ከውጭ እያሻሻችሁ ፍሬዎቹን አለያዩ። ከዚያ ከረጢት ውስጥ አንድ ጭብጥ የሚያህል ውፍረት ገለባ፣ ቀጥሎ ትንሽ ዘር፣ እንደገና ገለባ፣ እንደገና ዘር እያላችሁ ሙሉት። ዘሩን ወደ ከረጢቱ ጎኖች በተን አድርጉት፤ ከውጭ ሲያድግ ታዩታላችሁ። በየደረጃው በመዳፍ ጠቅጠቅ አድርጉት። የመጨረሻውን ንብርብር ዘር ሸፍኑበት፤ አየር የሚነካው እሱ ነውና ቀድሞ ይያዝ።

አፉን በሲባጎ እሰሩ። በአልኮል የተወለወለ ሹል ነገር ይዛችሁ ዙሪያውን በየ10 ወይም 15 ሴንቲሜትሩ ትናንሽ ቀዳዳ ብሱ። ክሩም ይተነፍሳል፤ ያለ አየር አይሄድም። ክዳን ያለው ባልዲ ጎኑ ተበስቶም ይሠራል፤ እንዲያውም ታጥቦ ደግሞ ስለሚያገለግል የቆዩ ሰዎች እሱን ይመርጣሉ።

ከላዩ ላይ ቀኑን ጻፉ።

ሲወርስ መጠበቅ

ከረጢቱን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ማይሲሊየም ሲበላ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ የከረጢቱ መሐል ከክፍሉ ጥቂት ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ከረጢቶቹን አትደራርቡ። ውስጡ ከ30 በላይ ከሄደ ክሩ ይደክማል፣ ሻጋታው ይደሰታል።

በሦስተኛ አራተኛው ቀን በእያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል። ቀስ እያለ ጉሞቹ ይነካካሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ገለባው ነጭ ይለብስና ከረጢቱ ሲነኩት ጠንከር ይላል። ትንሽ ቢጫ ፈሳሽ ጥግ ላይ ቢጠራቀም አትደንግጡ፤ ብዙ ከሆነና ከሸተተ ግን ችግር አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከረጢቱን ከፍታችሁ አትመልከቱ። ዓይናችሁ ካላስቻለ ከውጭ እዩ።

እንዲያፈራ ማድረግ

ማይሲሊየሙ ምግብና ቦታ እስካለው ድረስ ማፍራት አይፈልግም። እንጉዳይ የሚያወጣው ገለባውን ጨርሶ አየሩ ሲለወጥበት ነው። ከእንጨት ሥንጥቅ ወጥቶ ነፋስ እንደነካው እንዲያስብ እናታልለው።

ከረጢቱ ላይ ሦስት አራት ቦታ በመስቀል ቅርጽ ቅደዱት። ንጹሕ አየር ወደሚያገኝ ቦታ አዛውሩት። የአየሩ እርጥበት ከ85 እስከ 95 በመቶ ይሁን። ብርሃን ያግኝ፤ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ደብዘዝ ያለ የመስኮት ብርሃን ይበቃዋል። ግራጫ ኦይስተር ከሆነ ሙቀቱም ትንሽ ቢቀንስለት ደስ ይለዋል።

እርጥበት ለመያዝ ቀላሉ መንገድ ከረጢቱን በብዙ ቦታ የተበሳ ሰፋ ያለ ላስቲክ ማልበስ ነው። የላስቲኩን ግድግዳ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እርጩ። እንጉዳዩን ራሱን አታርከፍክፉት። አየሩንም በየጊዜው በክዳን እያራገባችሁ ለውጡት። እርጥበትና አየር ይጣላሉ፤ አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይቀንሳል። የዚህ ሥራ ሙያ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በቀዳዳው አፍ ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ እምቡጦች ይደረደራሉ። ግራጫው ኦይስተር ላይ ጫፋቸው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። በዚህ ሰዓት በጣም ስስ ናቸው፤ ደረቅ ነፋስ አንድ ቀን ካገኛቸው ቢጫ ሆነው ይቀራሉ። ከተረፉ ግን ዕድገታቸው ያስደንቃል፤ ጠዋት ያያችሁት ማታ ሌላ ነው። አብዛኞቹ እምቡጦች ትንሽ ሆነው ይቀራሉ፤ ዘለላው ምግቡን ለጥቂቶቹ ስለሚሰጥ ነው፤ አትዘኑ።

እንጉዳዩ የጎደለውን ራሱ ይናገራል። እግሩ ረዝሞ ቆቡ ትንሽ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝቶበታል፤ አየር ስጡት። እግሩ ላይ ነጭ ጸጉር ካበቀለም ያው ነው። የቆቡ ጠርዝ ከተሰነጣጠቀ አየሩ ደርቋል። ቆቡ ላይ ቡናማ የሚያዳልጥ ነጠብጣብ ከታየ ውኃ እላዩ ላይ ቆሞ ባክቴሪያ ይዞታል፤ መርጨት ቀንሱ። ምንም ካልወጣ ብዙ ጊዜ ችግሩ አየር ነው።

መልቀም

ከእምቡጥ እስከ መልቀም በአማካይ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ነው። ሰዓቱን የሚነግራችሁ የቆቡ ጠርዝ ነው። ወደ ታች ትንሽ እንደታጠፈ እያለ ልቀሙ። ጠርዙ ተዘርግቶ ወደ ላይ መታጠፍ ከጀመረ ዘግይታችኋል፤ ስፖሩን መልቀቅ ጀምሯል። ከሥሩ ያሉት ቆቦች ላይ ነጭ ዱቄት የተነፋ ይመስላል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኦይስተር ስፖር ብዙ ነው፤ በየቀኑ የሚተነፍሰውን ሰው ሳንባ ሊያስቆጣ ይችላል። በእንጉዳይ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ላይ በአለርጂ የሚመጣ የሳንባ ሕመም የታወቀ ነው፤ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ስለዚህ መኝታ ክፍል ውስጥ አታብቅሉ፤ ቶሎ ልቀሙ፤ ብዙ ከረጢት ካላችሁ ማስክ አድርጉ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ነገሩን ከቤት ውጭ ወዳለ ክፍል ማውጣት ይሻላል።

ሲለቀም ዘለላውን በሙሉ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሉ። ቁራጭ ከቀረ ይበሰብሳል፤ አጽዱት።

ከረጢቱን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት አሳርፉት፤ ቀለል ካላችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ አንጠፍጥፉት። ሁለተኛ ዙር ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛም፤ እያነሰ ይሄዳል። ከ1 ኪሎ ደረቅ ገለባ በሁሉም ዙር ተደምሮ 1 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ማግኘት ጥሩ የሚባል ውጤት ነው። በመጀመሪያ ሙከራ ግማሽ ኪሎ ያገኘ አይከፋም።

ሲበላሽ

አረንጓዴው ዋናው ጠላት ነው፤ ትራይኮደርማ ይባላል። ክፋቱ መጀመሪያ ላይ እሱም ነጭ መሆኑ ነው። አረንጓዴ የሚሆነው ስፖር ሲያወጣ ነው። አረንጓዴ ባያችሁበት ሰዓት ለመስፋፋት ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ አትክፈቱት፤ በሌላ ከረጢት ጠቅልላችሁ አውጡት። ጥግ ላይ ያለች ትንሽ አረንጓዴ ብትሆንና ቀሪው በደንብ ነጭ ቢሆን ለይታችሁ ልታቆዩት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አልመክርም። አንድ ከረጢት ለማዳን አሥሩን ማስያዝ ይመጣል።

የሚኮመጥጥ ወይም የበሰበሰ ሽታ ከሆነ ባክቴሪያ ነው፤ ገለባው ረጥቦ ነበር። ጥቃቅን ዝንቦች ከመጡ ቀዳዳውን በስስ መረብ ሸፍኑ፤ እነሱም ከከረጢት ከረጢት ስፖር ተሸክመው ነው የሚዞሩት።

ገለባው ላይ ያልዘራችሁት እንጉዳይ ሊወጣ ይችላል፤ ቀጭን እግር ያለው፣ ቶሎ ጠቁሮ ቀለም የመሰለ ፈሳሽ ሆኖ የሚሟሟ ዓይነት ገለባ ላይ የተለመደ ነው። ያላወቃችሁትን አትብሉ። ሜዳ ላይ ያለውም እንዲሁ። አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ስለሚጀምር ሰው እስኪነቃ ጉበቱ ይጎዳል።

ዘር ራሴ ላዘጋጅ ለሚል

አንድ ሁለት ዙር ከሠራችሁ በኋላ። ቀላሉ መንገድ ስፖር ሳይሆን የእግር ግርጌ ነው። ከትኩስ ኦይስተር ዘለላ ከሥሩ ያለውን ነጩን ቁራጭ ቁረጡ። ሕትመት የሌለበት ካርቶን በፈላ ውኃ ዘፍዝፉ፣ አቀዝቅዙ፣ ጭመቁ፤ ከዚያ ቁርጥራጩን በካርቶኑ ንብርብር መሐል አስገብታችሁ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ትንሽ አየር እንዲያገኝ አድርጋችሁ ክደኑ። በሁለት ሦስት ሳምንት ካርቶኑ ነጭ ይለብሳል፤ እሱ ዘር ነው። ከስፖር በተለየ መንገድ፣ ይህ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ የምታገኙት ያንኑ የምታውቁትን እንጉዳይ ነው።

በእህል መሥራት የሚፈልግ ስንዴ ወይም ማሽላ ለ12 ሰዓት ይዘፍዝፍ። መዘፍዘፉ ከላይ ያልኳቸውን የባክቴሪያ ስፖሮች ያነቃቸዋል፤ የነቃ ደግሞ ለሙቀት ይሸነፋል። ከዚያ ሳይፈነዳ ቀቅሎ፣ ላዩ እስኪደርቅ አናፍሶ፣ በመስታወት ጠርሙስ ሁለት ሦስተኛ ይሙላ። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ይብሳና በጥጥ ይወትፈው። በፕሬዠር ኩከር 121 ዲግሪ ላይ 90 ደቂቃ ይቆይ። ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው ዘር የሚገባበት፤ በየሳምንቱም ጠርሙሱን ነቅነቅ ማድረግ ክሩን ያሰራጨዋል።

ከለቀማችሁ በኋላ

ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ያልበዋል። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከታችሁ ማቀዝቀዣ ብታስገቡት አምስት ስድስት ቀን ይቆያል። ከማብሰላችሁ በፊት ሽንሽኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቆይታ ብትሰጡት በውስጡ ያለው ኤርጎስቴሮል ወደ ቫይታሚን ዲ2 ይለወጣል፤ ነፃ ጥቅም ነው። ጥሬውን አትብሉ። የክሩ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር ስለሆነ ሆድ አይፈጨውም፤ መብሰል አለበት። መጥበሻው በደንብ ይጋል፤ መጀመሪያ ውኃውን ያውጣ፤ ዘይቱን ቀጥሎ ጨምሩ።

የበዛባችሁን ቀጭን አድርጋችሁ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ ሙቀት አድርቁ። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከታጠፈ ገና ነው። በጠርሙስ ውስጥ አየር ሳይገባው ለወራት ይቀመጣል።

ያለቀው ገለባ አይጣልም። አትክልት ሥር አልብሱት ወይም ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት፤ ክሩ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ውጭ ከደፋችሁት ዝናብ ሲመታው አንዳንዴ አንድ ተጨማሪ ዙር ያወጣል፤ ያን ጊዜ ኦይስተር መሆኑን በደንብ ሳታረጋግጡ ወደ መጥበሻ አታስገቡት።